«ዋጋ በኢንቦክስ» - ሽሮ ሜዳ ወደ ስልክ ሲገባ የጠፋው ነገር

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት ይዞ፣ የአሜሪካ ኤምባሲን አልፎ ሽሮ ሜዳ የደረሰ ገዢ ሱቅ ገብቶ የሚያደርገው ይታወቃል። መጀመሪያ ጨርቁን በጣቶቹ አሸት ያደርጋል። ቀጥሎ ጥለቱን ገልብጦ ጀርባውን ያያል። ከዚያ «ስንት ነው?» ይላል፤ ይነገረዋል፤ «ኧረ ትንሽ ቀንሺልኝ» ይላል። ሳይገዛ ቢወጣ እንኳ ጨርቁ ምን እንደሆነ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ሻጯም ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች አውቆ ነው የሚወጣው። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ያው ሱቅ በቴሌግራም ቻናሉ ላይ የሚያቀርበው ግን ሌላ ነው። ቀሚስ የለበሰች ሞዴል ፎቶ፣ ከሥሩ የአበባና የልብ ምልክት፣ ሁለት ስልክ ቁጥር፣ ከዚያ «ዋጋ በኢንቦክስ»። ጨርቁ አይዳሰስም፣ ጀርባው አይታይም፣ ዋጋው አይነገርም። አንዳንዴማ ፎቶውም የሱቁ አይደለም፤ ከሌላ ገጽ የተወሰደ ነው፤ የመጀመሪያው ባለቤት ስም ጥግ ላይ ተቆርጦ ግማሹ ቀርቷል።

ለነጋዴው በየሥልጠናው የሚሰጠው ምክር ከዚህ ችግር ጋር አይገናኝም። በየቀኑ ፖስት አድርግ፣ ቲክቶክ ላይ ተወዳጅ ዘፈን ተጠቀም፣ ገጽህን ቦስት አስደርግ፣ ፎሎወር አብዛ ይባላል። ቦስት ለማስደረግ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ስለሚያስፈልግ ብዙው ነጋዴ ለዚህ ሥራ መሃል ገብቶ ለሚያስከፍል ሰው ገንዘብ ይከፍላል። ሰው ይመጣል፤ መጥቶም «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚል ያነባል። በር ላይ ጥሩንባ እያስነፉ ሱቁን ዘግቶ እንደመቀመጥ ነው። ሽሮ ሜዳ በስልክ የሚያጣው የተመልካች ብዛት አይደለም። ሱቁ ውስጥ በሁለት ደቂቃ የሚያልቀው ነገር ስልክ ላይ በሁለት ቀንም አለማለቁ ነው።

ዋጋ የሚደበቅበት ምክንያት ከንቱ አይደለም። ነጋዴዎች ቢያንስ ሦስት ያነሳሉ። አንደኛ፣ ጎረቤት ሱቅ ዋጋውን አይቶ መቶ ብር ቀንሶ ይለጥፋል። ሁለተኛ፣ ከሜሪላንድ የሚጠይቅና ከአዲሱ ገበያ የሚጠይቅ ሰው ኪስ አንድ አይደለም። ሦስተኛው የሁሉም መራራ ነው፤ ዋጋ አይረጋም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ሰኞ የተለጠፈ ዋጋ ዓርብ ላይ ኪሳራ ሊሆን የሚችልበት ጊዜ ነበር።

ሦስተኛው እውነት ቢሆንም መፍትሔው ዋጋውን መደበቅ አይደለም። «ይህ ዋጋ እስከ እሑድ ነው» ብሎ መጻፍ ይቻላል። የመጀመሪያውም ብዙ አያስኬድም፤ ጎረቤት ሱቅ ዋጋውን ማወቅ ከፈለገ ኢንቦክስ ገብቶ እንደማንኛውም ገዢ ይጠይቃል፤ ደግሞም ይጠይቃል። ተደበቀ የተባለው ዋጋ ከተፎካካሪው ሳይሆን ከገዢው ብቻ ነው የተደበቀው።

ሁለተኛው ግን በግልጽ ሊነገር ይገባል። ዋጋ የሚደበቀው ገዢው ማን እንደሆነ ታይቶ እንዲቆረጥለት ነው። ገዢውም ይህን ያውቃል። ኢንቦክስ ላይ «ሰላም፣ ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ሲጽፍ ፕሮፋይሉ እንደሚታይ፣ ውጭ አገር መኖሩ እንደሚጣራ ያውቃል። ስለዚህ ብዙው ሳይጠይቅ ያልፋል፤ ወይ አገር ቤት ያለች እህቱን «እስቲ አንቺ ጠይቂልኝ» ይላል። መደራደር የገበያ ወግ ነው፤ ማንም አይቃወመውም። ግን ሽሮ ሜዳ ሱቅ ውስጥ ድርድር የሚጀመረው ከተነገረ ዋጋ ነው፤ ካልተነገረ ዋጋ ላይ «ቀንሺ» አይባልም። መነሻ ዋጋ መጻፍ ድርድሩን አይገድለውም።

ሕጉም ከገዢው ጋር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የሸቀጡን ዋጋ በንግድ ቦታው በግልጽ እንዲለጥፍ ወይም ዕቃው ላይ እንዲያኖር ያዛል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚሸጥ ሰው ስለ ራሱ፣ ስለ ዕቃውና ስለ ዋጋው ለገዢው መረጃ እንዲሰጥ ይጠይቃል። ቴሌግራም ላይ ይህን የሚያስታውስ ሰው መኖሩ ያጠራጥራል።

የጊዜውንም ሒሳብ ማየት ይጠቅማል። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ሴት ከሥራ ገብታ፣ ልጆቿን አብልታ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ስልኳን ስትከፍት አዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ነው። ጥያቄዋን ትጽፋለች። ሻጯ ነግቶ፣ ሱቅ ከፍታ፣ ቡና ጠጥታ ስትመልስላት ገዢዋ ተኝታለች። ዋጋ፣ ከዚያ ልክ፣ ከዚያ ቀለም፣ ከዚያ መላኪያ እየተባለ አንድ ጥያቄ በቀን እየተመለሰ ሳምንት ይሞላል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚል አገር ውስጥ አንድ ሳምንት ማለት በዓሉ አለፈ ማለት ነው።

ከዋጋው በላይ ከባዱ ግን የጨርቁ ጉዳይ ነው። በፋብሪካ ተመርቶ ከውጭ የሚገባ፣ ጥለቱ የታተመ «የሐበሻ ልብስ» ገበያውን ከወረረ ቆይቷል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ፎቶ ላይ ደግሞ ከእጅ ሥራው አይለይም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ይበልጥ ያምራል፤ ጥለቱ አይዛነፍም፣ ቀለሙ ይደምቃል። ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ሲወረውር ቀናት የፈጀበት ጥለትና በማሽን የታተመው ጎን ለጎን ተለጥፈው ሁለቱም ከሥራቸው «ምርጥ ጥበብ» የሚል ከተጻፈ፣ ገዢው ርካሹን ቢመርጥ ማን ይፈርድበታል?

መፍትሔው ገዢው ራሱ ሱቅ ውስጥ የሚያደርገው ነው፦ መገልበጥ። በእጅ የተሠራ ጥለት ጀርባው ላይ ክሩ ሲሄድና ሲመለስ ይታያል፤ የታተመው ጀርባው የደበዘዘ ቀለም ብቻ ነው። የአሥራ አምስት ሰከንድ ቪዲዮ ይበቃል፤ ፊቱን ማሳየት፣ ገልብጦ ጀርባውን ማሳየት፣ በጣት አሸት ማድረግ። ዘፈን አያስፈልገውም፤ የጨርቁ ድምፅ ቢሰማ ይሻላል። ይህን ፖስት የታተመ ጨርቅ የሚሸጠው ሱቅ ሊኮርጀው አይችልም። የተፎካካሪ ነገር የሚያስፈራው ነጋዴ ዋጋውን ከሚደብቅ የጥለቱን ጀርባ ቢያሳይ ያዋጣዋል።

ከፎቶው ሥር የሚጻፈውም እንዲሁ ነው። «ዋው አዲስ የገባ» የሚለው ለማንም ምንም አይነግርም። «ነጠላ፣ ሙሉ የእጅ ሽመና፣ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ ፈትል፣ ጥለቱ አራት ጣት፣ በቀዝቃዛ ውኃ የሚታጠብ፣ መነሻ ዋጋው ይህ፣ ወደ ውጭ የሚላክበት ለብቻው ይህ» ብሎ መጻፍ አንዴ ይለፋል እንጂ ሃያ ሰው ሃያ ጊዜ ከመጠየቅ ያድናል። ሌላም ጥቅም አለው። ቴሌግራም ቻናል ውስጥ ሰው የሚፈልገው በቃል ነው፤ «ጋቢ» ብሎ የሚፈልግ ደንበኛ ጽሑፍ የሌለውን የጋቢ ፎቶ አያገኘውም። ሦስት ዓመት የተለጠፈ ዕቃ፣ ስም ስለሌለው ብቻ፣ መጋዘን ውስጥ ጨለማ ላይ ተቆልሏል።

ከሁሉ ይልቅ ከእነዚህ ቻናሎች የጠፋው ሰው ሸማኔው ነው። ሞዴሏ አለች፣ ሱቁ አለ፣ ፎቶ አንሺው እንኳ ስሙን ጥግ ላይ ያኖራል። የሽሮ ሜዳን ስም ያቆመው ከጋሞ ደጋ የመጣው ሸማኔ ግን የለም። (አዲስ አበቤ ሁሉንም «ዶርዜ» ይላቸዋል፤ ዶርዜ ከጋሞ ማኅበረሰቦች አንዱ ነው።) ነጋዴው ሸማኔውን የማያሳይበት ምክንያት አለው፤ ገዢው በቀጥታ ይሄድበታል ብሎ ይፈራል። አንዳንዴ ግን ሌላ ምክንያትም ይኖራል፤ እሱ ነው መነሳት ያለበት።

የሽመና ሥራ ውስጥ ሕፃናት አሉ። ከጋሞ አካባቢ «ትምህርት ታገኛለህ» ተብለው መጥተው አዲስ አበባ መሸመኛ ላይ የሚቀመጡ ልጆች ታሪክ ለዓመታት በጥናትም በዜናም ሲነገር የኖረ ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር በሕፃናትና በግዳጅ ጉልበት ይመረታሉ ብሎ በሚያወጣው የሸቀጦች ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያ የእጅ ሽመና ጨርቅ ሰፍሯል። የዚያ መንግሥት ኤምባሲ ከገበያው ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ሜሪላንድና ለንደን ያለው ገዢ፣ በተለይ እዚያ ያደገው ልጅ፣ «ይህን ማን ሠራው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ሲጠይቅም ኢንቦክስ ላይ የሚሰጠው የአበባ ምልክት አይበቃውም።

በገዛ ፈቃዱ ፊቱን ያሳየ፣ ስሙ የተጠቀሰ፣ ከዋጋው ምን ያህል እንደሚደርሰው የተነገረለት ጎልማሳ ሸማኔ ለሱቁ ትልቁ ማስታወቂያ ነው። በርግጥ አንድ ቪዲዮ ከካሜራው ጀርባ ያለውን አይናገርም፤ ቁጥጥርንም አይተካም። ግን ስሙን የለጠፈ ነጋዴ ስለ መሸመኛው ሲጠየቅ የሚመልሰው ሊኖረው ግድ ነው። ሸማኔው «የእኔ ሥራ ነው» ማለት ከቻለ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ሲደራደር ባዶ እጁን አይሆንም። ነጋዴው የሚፈራውም ይህንኑ ነው፤ ፍርሃቱ ትክክል ነው፤ ሸማኔውን ከመደበቅ ግን ደህና ከፍሎ ማቆየት ይሻላል።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ቻናሉ የነጋዴው ንብረት አይደለም። የካቲት 2 ቀን 2015 ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ አገር ውስጥ ተገደቡ፤ እስከ ሐምሌ 10 ድረስ አምስት ወር ቆየ። በመሃሉ ሚያዝያ 8 ፋሲካ ዋለ፤ ከፋሲካ በኋላ የሚመጣው የሠርግ ወቅትም አለፈ። ቪፒኤን የሚያውቅ ተጠቀመ፤ ሻጯ ብታውቅ ገዢዋ ላታውቅ ትችላለች። ዓመት ሙሉ የተሰበሰበ ተከታይ በዋናው ገበያ ሰሞን ከበሩ ውጭ ቀረ። የሚመጣውን ዓመት ማንም ዋስትና ሊሰጥ አይችልም።

ስልክ መደወልና አጭር መልእክት መላክ ግን በዚያ ሰሞን አልተቋረጠም። የደንበኞቹን ቁጥር በደብተር የያዘ ነጋዴ «ለፋሲካ አዲስ ሥራ አለ» ብሎ መጻፍ ይችል ነበር፤ ክፍያውም በቴሌብር ያልቅ ነበር፤ ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር። ቁጥር ሲመዘገብ ባለቤቷን ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም። ሽሮ ሜዳ ላይ ደግሞ ደብተሩ ከጥንትም አለ። ልብስ ሰፊው ደረት፣ ወገብና ቁመት ለክቶ ሲጽፍ ከጎኑ ስምና ስልክ ያኖራል፤ ለጥምቀት ያሰፋች ሴት ልክ ለሚያዝያው ሠርግም እዚያው ገጽ ላይ ይገኛል።