የትርፍ ሰዓት ሥራ ለቆሎ ነው

ዘንድሮም በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ያው ነው፦ «ቲቸር፣ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎኛል። ክፍያውን እዛው እየሠራሁ እሸፍናለሁ፤ ምን ይላሉ?»

መልሴን እዚሁ ልጻፈው፣ ለሁላችሁም ይሆናል። ሥሩ፣ ሥራ ክቡር ነው። ነገር ግን «በትርፍ ሰዓት ሥራ የትምህርት ክፍያ እከፍላለሁ» ብላችሁ ከደሴ አትነሱ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ካናዳን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ የውጭ ተማሪ ትምህርት ላይ እያለ ከግቢ ውጭ መሥራት የሚፈቀድለት በሳምንት 24 ሰዓት ነው። ሰዓቱን በ17 የካናዳ ዶላር ብናስበው በሳምንት 408 ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ አንድም ሳምንት ሳያርፍ ቢሠራ 21,216፣ ያውም ግብር ሳይነሳለት። መንግሥቱ ግን ቪዛ ከመስጠቱ በፊት «ለአንድ ዓመት መኖሪያ የሚሆን አሳየኝ» የሚለው፣ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2025 ወዲህ፣ 22,895 ዶላር ነው። የትምህርት ክፍያው ከዚህ ውጭ ነው! በእረፍት ወራት ሙሉ ሰዓት መሥራት ይቻላል፤ እሱም ቀዳዳውን ያጠባል እንጂ አይደፍነውም።

አሜሪካ በኤፍ-1 ቪዛ የሄደ ተማሪ በመጀመሪያው የትምህርት ዓመት ከግቢ ውጭ መሥራት አይችልም፤ ግቢ ውስጥም ቢሆን ትምህርት እያለ በሳምንት ከ20 ሰዓት አያልፍም። ጀርመን ይሻላል፤ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ክፍያ አይጠይቁም፣ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራት ይፈቀዳል።

ደላላው ይህን አይነግራችሁም። «እዛ ሥራ ሞልቷል» ይላል፣ ኮሚሽኑን ይቀበላል፣ በቃ። አባት በሬ ሸጦ፣ ወንድም ባጃጁን ሸጦ፣ እናት ዕቁብ ቀድማ ወስዳ ይላካል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር ከዶላር ጋር ምን ላይ እንደደረሰ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ልጁ እዛ ሲደርስ ሒሳቡ አልገጥም ይለዋል። ያኔ ከተፈቀደው ሰዓት በላይ፣ በእጅ በእጅ እየተከፈለው፣ ተደብቆ ይሠራል። ደሞዙን ቢቆርጡበት ወዴት ይከሳል? ከታወቀበት ደግሞ የተማሪነት ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። በሬውም ሄደ፣ ዲግሪውም ሄደ ማለት ነው።

እኛ ወሎዎች ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለንም እኮ። መምህር አካለ ወልድ ባስተማሩበት በቦሩ ሥላሴ አገር የቆሎ ተማሪ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ደረሳውም እንዲሁ ነው፤ ከአገር አገር ኪታቡን ይዞ ሲቀራ ያገሬው ሰው ያበላዋል። የቆሎ ተማሪ ለምኖ፣ ቆብ ሰፍቶ የሚያገኘው ለዕለት ጉርሱ ነበር። ትምህርቱን ግን የኔታ በነጻ ነው የሚሰጡት። ክፍያ ቢጠይቁት ኖሮ በቆሎ ይችለው ነበር? የዛሬው ሥራም ቆሎ ነው። አስቤዛ፣ ትራንስፖርት፣ ቢበዛ የቤት ኪራይ። ክፍያው ግን ከስኮላርሺፕ፣ ወይም ከመነሻው በእጃችሁ ካለ ገንዘብ ይምጣ።

ለምትሄዱት፦ ሥራ ቶሎ ላይገኝ ይችላል፣ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ወራት ያለ ደሞዝ አስቧቸው። ፍለጋችሁን ከግቢው ጀምሩ፤ ቤተ መጻሕፍት፣ ካፌ፣ ላብራቶሪ። ሲቪያችሁን በአንድ ገጽ አዘጋጁ። ሰሃን ማጠብ አያሳፍርም፤ ያለ ውል መሥራት ግን ያስጎዳል። አሁን እዚሁ እያላችሁ ኮምቦልቻ ሱቅም ይሁን ጋራዥ ገብታችሁ ትንሽ ሥሩ። እዛ «ምን ሠርተህ ታውቃለህ?» ስትባሉ መልስ ይኖራችኋል።

ለወላጆች፦ እባካችሁ በመጀመሪያው ዓመት «ላክልን» አትበሉ። ያ ስልክ ነው ልጁን ከክፍል አስወጥቶ የሌሊት ፈረቃ የሚያስገባው።

ስኮላርሺፕ ያላገኛችሁ አብሽሩ፣ አንድ ዓመት ቆይቶ እንደገና ማመልከት ዕዳ ይዞ ከመሄድ ይሻላል። ውጭ ያላችሁ ልጆቼ ደግሞ፣ የወር ገቢና ወጪያችሁን ሳትደብቁ ከታች ጻፉላቸው። ከኔ ይልቅ እናንተን ያምናሉ።