የትምህርት ቤቱን ነገር በገዛ ድምፃችን እናሰማ



በልጆቻችን ቦርሳ በዕብራይስጥ የተጻፈ ወረቀት ይመጣል። ማንበብ ያልቻልን ወላጆች «ምን ይላል?» ብለን ልጁን እንጠይቃለን። «ስለ ቲዩል ነው፣ እዚህ ላይ ፈርሙ» ይለናል፤ እንፈርማለን። አንዳንዴ እውነትም ስለ ቲዩል ነው። አንዳንዴ ግን ልጁ በሒሳብ ወደ ዝቅተኛው ሃክባጻ መዛወሩን የሚገልጽ ሆኖ ይገኛል፤ እኛ የምንሰማው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። በልጁ አንፈርድም። በገዛ ጉዳዩ አስተርጓሚ አድርገን ያስቀመጥነው እኛው ነን።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በባግሩት ፈተና ሒሳብ በ3፣ በ4 ወይም በ5 ዬሂዶት ይሰጣል። በ3 የተፈተነ ልጅ ባግሩቱን ቢያገኝም የምሕንድስናና የኮምፒዩተር ትምህርት በር ይጠብበታል። መንገዱ መለየት የሚጀምረው ደግሞ በ12ኛ ክፍል ሳይሆን ቀደም ብሎ፣ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ሃክባጻ ነው። ልጅን ወደ ልዩ ትምህርት ለመላክ የሚሰበሰበው ዋዓዳም ወላጅን ጠርቶ መስማት አለበት፤ ያልተስማማ ወላጅ ይግባኝ ማለት ይችላል። ይህን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ቀድሞ በቆል እስራኤል፣ ከ2017 ወዲህ በካን ሥር የሚተላለፈው የአማርኛ ሬዲዮ ለብዙዎቻችን ባለውለታ ነው። ሆኖም ለአገር ሁሉ የሚናገር ሬዲዮ በሰፈራችን ትምህርት ቤት ማክሰኞ ማታ የወላጆች ስብሰባ መኖሩን አይነግረንም። ይህን መሥራት ያለብን እኛ ነን።

በ1947 በኮሎምቢያ፣ ሱታቴንሳ በምትባል የገጠር መንደር፣ አንድ ቄስ በትንሽ ማሰራጫ ገበሬዎችን ማስተማር ጀመሩ። ሥራው አድጎ አገር አቀፍ ሆነ፤ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻም ቆየ። ብልሃቱ በመሣሪያው ብቻ አልነበረም። ጎረቤቶች በአንድ ቤት ተሰብስበው ያዳምጡ ነበር፤ ማንበብ የሚችል አንድ ሰውም አጠገባቸው ሆኖ ያስረዳቸው ነበር።

እኛ ፈቃድ የሚጠይቅ የሬዲዮ ጣቢያ መክፈት አያስፈልገንም። አንድ ስልክ፣ ጸጥ ያለ ክፍልና ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ወጣት ይበቃል። ስለዚህ በየሰፈሩ የሚከተለው እንዲጀመር እንጠይቃለን፦

1. ትምህርት ቤቱ የሳምንቱን ማስታወቂያ በተወሰነ ቀን ለአንድ ተወካይ ይስጥ።

2. ተወካዩ በአማርኛ፣ እንዳስፈላጊነቱም በትግርኛ፣ ከ10 ደቂቃ ባልበለጠ ድምፅ ቀድቶ ሐሙስ ማታ በዋትሳፕ ይላክ።

3. ዘመናዊ ስልክ የሌላቸው እናቶችና አባቶች በማትናስ ወይም በጎረቤት ቤት ቡና ተፈልቶ አብረው ያዳምጡ፤ ጥያቄያቸውም ተቀድቶ ለትምህርት ቤቱ ይድረስ።

4. የማንም ልጅ ስም ወይም ውጤት በጭራሽ አይነገር።

«ወላጆች ዕብራይስጥ ይማሩ» የሚሉን አሉ። እንማራለን፤ ዛሬ 7ኛ ክፍል ያለው ልጅ ግን እኛ ተምረን እስክንጨርስ አይጠብቀንም። ደግሞም የእኛ በጎ ፈቃድ ትምህርት ቤቱን ከኃላፊነቱ ነጻ አያወጣውም። ስለ አንድ ልጅ ዕጣ በሚወሰንበት ስብሰባ አስተርጓሚ እንዲቀርብ መጠየቃችንን አንተውም።

ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ባለመጠየቃችን የሚቀረው የልጆቻችን ዕድል ነው። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በየሰፈራችን አንድ ድምፅ እንምረጥ።