የሁለት ዓመቱ ትምህርት ከሥራ ቦታ ይነሣ

ቴክኖሎጂ በአንድ ኅብረተሰብ ውስጥ ሥር የሚሰድደው መሣሪያው ከውጭ ተገዝቶ ስለ ገባ አይደለም። መሣሪያውን የሚፈታ፣ የብልሽቱን ምክንያት የሚለይና መልሶ ሥራ ላይ የሚያውል እጅ በአገሩ ሲገኝ ነው። እንዲህ ያለው እጅ በዕቅድ ይኮተኮታል እንጂ በአጋጣሚ አይበቅልም። ስለሆነም በኤሌክትሮኒክስ ቴክኖሎጂ የሚሰጠው የሁለት ዓመት የኮሌጅ ሥልጠና እንዴት ይታቀድ የሚለውን ጥያቄ ለኮሌጆች ጽሕፈት ቤት ብቻ ትተን ልናልፈው አንችልም። ጥያቄው የሠራተኛውና የየሰፈሩ ነዋሪ ማኅበር ጥያቄ ነው ብለን እናምናለን።

ለዚህ እምነታችን ማስረጃ ፍለጋ ከአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል መራቅ አያስፈልገንም። ከአያት ተነሥቶ በመገናኛ በኩል ጦር ኃይሎች የሚደርሰው የቀላል ባቡር መስመር በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር፣ ከሰሜን–ደቡቡ መስመር ጋር በድምሩ 41 ባቡሮች ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረትና በጥገና ችግር ምክንያት ቆሙ። የዚህን ዋጋ በሲ.ኤም.ሲ.ና በጉርድ ሾላ ፌርማታ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሠራተኛ በሰዓቱና በኪሱ ከፍሎታል። እርግጥ ነው፣ መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ከተቃጠለው የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ውስጥ የትኛው ክፍል እንደ ተበላሸ ለይቶ፣ ሰሌዳውን ከመጣል የሚያድን ባለሙያ ግን ከገበያ አይሸመትም።

በአንጻሩ እዚያው በምሥራቁ ክፍል፣ ቦሌ ላይ፣ ሌላ ተሞክሮ አለን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲቋቋም አስተዳደሩም ሆነ የቴክኒክ ሥራው ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በተደረገ ውል በውጭ ባለሙያዎች እጅ ነበር። የዋና ሥራ አስኪያጅነቱን ቦታ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ፣ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ፣ የያዙት እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ሩብ ምዕተ ዓመት መውሰዱ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥና ከዚያም በኋላ የተደረገው ሙያተኛን በተከታታይ የማፍራት ሥራ ዛሬ ቦሌን የአፍሪካ አየር መንገዶች ጭምር አውሮፕላኖቻቸውን የሚያስጠግኑበት ማዕከል አድርጎታል። የዚህ ውጤት ምሥጢር ግልጽ ነው፤ ማሠልጠኛውና ሃንጋሩ ጎረቤት ናቸው። ሠልጣኙ በሰሌዳ ላይ ያየውን የአውሮፕላን ኤሌክትሮኒክስ ሥርዓት በሃንጋሩ ውስጥ በእጁ ይዳስሰዋል።

ታዲያ ኮሌጆቻችን ከዚህ ምን ይማሩ? በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሥልጠናው በሙያ ደረጃ እንዲመራና ከኢንዱስትሪው ጋር በትብብር እንዲሰጥ አመልክቷል። መመሪያው እንግዲህ አለ። የጎደለው አፈጻጸሙ ነው። ብዙውን ጊዜ ዕቅድ የሚወጣው ስንት ወንበር አለን ከሚል ስሌት ተነሥቶ ነው። በአንድ ወርክሾፕ ውስጥ ሃያ የተሟሉ የመሥሪያ ጠረጴዛዎች አሉ እንበል። ስድሳ ሠልጣኞች ከተመደቡበት፣ በሳምንት ስምንት ሰዓት የተያዘው ተግባር ለእያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ብቻ ይሆናል፤ የቀረውን ጊዜ የሌላውን ትከሻ እያየ ያሳልፋል። ስለዚህ የሠልጣኙን ቁጥር የመሥሪያ ጠረጴዛው ይወስነው እንላለን።

የሁለቱ ዓመታት አከፋፈልም ሊታሰብበት ይገባል። የመጀመሪያው ዓመት የመሠረት ዓመት ነው። የኤሌክትሪክ ዑደት ሕግጋት፣ ለዚህ የሚያስፈልገው ሒሳብ፣ በቴስተርና በኦሲሎስኮፕ መለካት፣ የሰሌዳ ብየዳ፣ የዲጂታል ዑደቶች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥንቃቄ ይሰጥበታል። ኃይሉ ተቋርጦ እንኳ ካፓሲተር ውስጥ የቀረ ቮልቴጅ ሰው እንደሚጎዳ ያልተማረ ወጣት ለራሱም ለጓደኛውም አደጋ ነው። ሁለተኛው ዓመት በአካባቢው ምርት ላይ ያተኩር። በቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክ የስፌት መኪናዎች በኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ይሠራሉ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተነገረ ወዲህ በከተማችን ጎዳናዎች የኤሌክትሪክ መኪና በርክቷል፤ ባትሪውን፣ ቻርጀሩንና የኃይል መለወጫውን የሚያውቅ ጠጋኝ ይሻል። በየጤና ተቋሙ የቆመው የሕክምና መሣሪያም እንዲሁ። ሠልጣኙ ከነዚህ አንዱን መርጦ የሁለተኛውን ዓመት ሰፊ ክፍል በሥራ ቦታ፣ በልምድ በበሰለ ሠራተኛ ሥር ሆኖ ያሳልፍ።

ይህ እንዲሆን የነዋሪው ማኅበርና ሠራተኛው ድርሻ ከፍተኛ ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማኅበራት የመማሪያ ቦታ አዘጋጅተዋል፤ ወንበርና መብራትም አሰባስበዋል። ያ ተሞክሮ ለዛሬው ተግባር ያገለግላል። እያንዳንዱ የሰፈር ማኅበር በቀጣናው በትምህርት ቤት፣ በጤና ጣቢያና በወፍጮ ቤት የቆመውን መሣሪያ መዝግቦ ለምሥራቅ ፖሊቴክኒክና ለሌሎች የአካባቢው ኮሌጆች ያቅርብ። መዝገቡ የዕቅድ ሰነድ ይሆናል፤ የተበላሸው መሣሪያም የመማሪያ ዕቃ ይሆናል። ሠራተኛውም የሙያ ምሥጢሩን ሳይሰስት ለወጣቱ ያካፍል። የፋብሪካ አስተዳደሮች ሠልጣኙን ሻይ አምጪና ዕቃ ተሸካሚ አድርገው እንዳይመልሱት የሠራተኛ ማኅበራት ይቆጣጠሩ።

የሁለት ዓመት ሥልጠና ዩኒቨርሲቲ ላልገቡ የተተወ ማረፊያ ነው የሚል አስተሳሰብ አሁንም በብዙ ቤተሰብ ውስጥ አለ። ይህ አስተሳሰብ ሊታረም ይገባል። የ2014 የትምህርት ዘመንን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩትን በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች እንደ ተረፈ ምርት መቁጠር በአገር ኃይል ላይ መፍረድ ነው። መሐንዲሱ የሚነድፈውን የሚያቆመውና የሚያስቀጥለው ቴክኒሻኑ መሆኑን የፋብሪካ ሠራተኛ ከማንም በላይ ያውቃል። ይህን ዕውቀት ወደ ቤቱ ይዞ ይግባ፤ ለልጆቹም ለጎረቤቱም ያስረዳ።

የቆመ ማሽን የቆመ ምርት ነው። የተበላሸውን ለይቶ የሚያስነሣ ትውልድ ለማፍራት ሁለት ዓመት በቂ ይሆናል፤ ይህም የሚሆነው ሁለቱ ዓመታት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሥራ ቦታ ፍላጎት ላይ ተመሥርተው ሲታቀዱ ነው። ኮሌጁ በሩን ለሰፈሩ፣ ፋብሪካው በሩን ለሠልጣኙ ይክፈት። እኛም በየማኅበራችን መዝገቡን አሁኑኑ እንጀምር!