የተሞገሰ ፊልም ሁሉ ለቤታችን ይሆናል?



ከወላጆች ዘንድ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። «ልጆቻችን ፊልም ማየታቸው አልቀረም፤ ታዲያ ከነርሱ ጋር ተቀምጠን ሳናፍር የምናየው ፊልም የቱ ነው?» የሚል ነው። «ፊልም የሚባል ነገር ቤቴ አይገባም» ብለው በሩን የዘጉ ወገኖች አሉ፤ አቋማቸውን እናከብራለን። ይሁን እንጂ በሩ ቢዘጋም ስልኩ በልጁ ኪስ ውስጥ ነው። ድሮ ከቪዲዮ ቤት በካሴት ተከራይቶ፣ ሳሎን ውስጥ በሰው ፊት ይታይ የነበረው ዛሬ በብርድ ልብስ ሥር በመዳፍ ላይ ይታያል። ወላጅ ያልመረጠለትን ልጅ ሌላ ይመርጥለታል፤ የሚመርጥለት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ሰው እንኳን አይደለም። በትወናና በሙዚቃ ዙሪያ ዑለማእ ያላቸውን የአመለካከት ልዩነት በዚህ አምድ ለመፍታት አንሞክርም፤ ያንን ለባለቤቶቹ ትተን፣ ፊልም በሚታይበት ቤት ውስጥ ምን ይታይ የሚለውን ብቻ እንነጋገራለን።

በየዓመቱ ግንቦት ላይ በፈረንሳይዋ ካን፣ ነሐሴ ማብቂያ ላይ በጣሊያንዋ ቬኒስ፣ የካቲት ወይም መጋቢት ላይ ደግሞ በአሜሪካ የኦስካር ሽልማት ሲሰጥ የአዳዲስ ፊልሞች ስም በየጋዜጣው ይወጣል። «የዓመቱ ምርጥ»፣ «ሐያስያን ያደነቁት» ይባላል። ወጣቶቻችንም የዚያን ዝርዝር ይዘው ፍለጋ ይወጣሉ። ለመሆኑ ዳኞቹ የሚመዝኑት ምንድን ነው? የካሜራውን አያያዝ፣ የተዋናዩን ብቃት፣ የታሪኩን አወራረድ ነው። ሐያእ የሚባል ነገር በሚዛናቸው ላይ የለም፤ እንዲኖርም አይጠበቅባቸውም። የካንን ከፍተኛ ሽልማት ካገኙት መካከል እንኳን ከልጅ ጋር፣ ብቻውን የተቀመጠ ሰው የሚያፍርባቸው አሉ። ስለዚህ ሽልማቱ የሚነግረን ፊልሙ በጥሩ ሁኔታ መሠራቱን እንጂ ለኛ ቤት መሆኑን አይደለም።

የዚህ ተቃራኒ የሆነም ስህተት አለ። ተዋናይቱ ሻሽ ስላሰረች ወይም ርእሱ ላይ «ኢስላማዊ» የሚል ስለተጻፈበት ብቻ አንድን ሥራ ማወደስ ነው። ወደ አማርኛ ተመልሰው የሚታዩ አንዳንድ የቱርክ ተከታታይ ድራማዎች የሙስሊም ስም ያላቸው ሰዎች ስለሚተውኑባቸው ብቻ ከየሳሎናችን ያለ ፈቃድ ሲገቡ እያየን ነው። በሌላ በኩል ምክር ብቻ የሆነ፣ ታሪክ የሌለው ፊልም አለ። ልጆች አምስት ደቂቃ አይተውት ይነሳሉ፤ እውነቱን ለመናገር እኛም እንነሳለን።

እንግዲህ ሁለቱንም ፈተና ያለፉ፣ ማለትም በሙያው ሰዎች የተመሰገኑና ከቤተሰብም ጋር መነጋገሪያ የሚሆኑ ጥቂት ፊልሞችን እናንሳ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉም የምናስቀድመው አዲስ አይደለም። ኢራናዊው ማጂድ ማጂዲ በ1997 የሠራው፣ ስሙ በፋርስኛ «የሰማይ ልጆች» የሚል ትርጉም ያለው፣ በእንግሊዝኛ «ችልድረን ኦፍ ሄቨን» ተብሎ የሚታወቀው ነው። በኦስካር ለውጭ ቋንቋ ፊልሞች ሽልማት በመታጨት የመጀመሪያው የኢራን ፊልም ሲሆን፣ በ1999ኙ ሥነ ሥርዓት ሽልማቱን የወሰደው የጣሊያኑ «ላይፍ ኢዝ ቢዩቲፉል» ነበር።

ታሪኩ ስለ አንድ ጥንድ ጫማ ነው። ዐሊ የተባለ የ9 ዓመት ልጅ የእህቱን የዘህራን ጫማ ከጫማ ሰፊ ዘንድ አሠርቶ ሲመለስ አትክልት መሸጫው በር ላይ ያስቀምጠዋል፤ ቆሻሻ ሰብሳቢ አንሥቶት ይሄዳል። አባት የቤት ኪራይ ወራት አልፎበታል፤ እናት ታማለች። ልጆቹ ይህን ስለሚያውቁ አይናገሩም። አባት እዚያው ክፍል ውስጥ እያለ ድምፅ ሳያሰሙ በደብተራቸው ላይ እየጻፉ ይመካከራሉ። ከዚያም የዐሊን ሸራ ጫማ ለሁለት ይካፈሉታል። እርሷ ጠዋት ትማርበታለች፣ እርሱ ከሰዓት በኋላ ይማርበታል፤ በመካከሉ ዘህራ ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጥታ በጠባቧ መንገድ ላይ ትቀይረዋለች። ዐሊም በየዕለቱ ይረፍድበታል፣ በርእሰ መምህሩም ይገሠጻል። አንድ ቀን ጫማው ከትንሿ ልጅ እግር ወልቆ የውሃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ይገባል። በዚያች ጊዜ ተመልካቹ የሚጨነቀውን ያህል በመኪና ማሳደድና በተኩስ በተሞላ ፊልም ላይ ተጨንቆ አያውቅም።

ፊልሙ ውስጥ ሦስት ትዕይንቶችን ወላጆች ልብ ብለው እንዲያዩልን እንፈልጋለን። አባት ለመስጊድ የተሰጠውን ስኳር ቤቱ ተቀምጦ እየሰበረ ነው። ዘህራ ሻይ ታቀርብለታለች፤ ስኳር ይጠይቃታል። ይህ ሁሉ ስኳር ፊትህ እያለ ስትለው የመስጊድ መሆኑን ይነግራታል። የራሳቸውን ስኳር አምጥታ ሻዩን ይጠጣል። ስለ አማና የተሰጠ ስብከት የለም፤ ፊልሙም ቆም ብሎ «አያችሁ?» አይለንም። የኪራይ ዕዳ ያለበት ድኻ ሰው ከመስጊድ ስኳር አንዲት ፍንካች እንደማይነካ ልጆቹ አዩ፤ እኛም አየን።

ሁለተኛው፣ ዘህራ የጠፋውን ጫማዋን በሌላ ተማሪ እግር ላይ ታየዋለች። ከወንድሟ ጋር ሆና ልጅቷን እስከ ቤቷ ይከታተሏታል። ከበሩ የሚወጣው አባቷ ዓይነ ስውር ነው። ሁለቱ ልጆች እርስ በርስ ተያይተው ምንም ሳይናገሩ ይመለሳሉ። ሦስተኛው ደግሞ አባትና ልጅ የአትክልተኝነት ሥራ ፍለጋ በብስክሌት ወደ ሰሜን ቴህራን የሀብታሞች ሰፈር የሚሄዱበት ነው። አባት ከግቢው በር ላይ በተሰቀለው መነጋገሪያ መናገር ያቅተዋል፣ ምላሱ ይተሳሰራል። ትንሹ ልጅ ቀርቦ ይናገርለታል። ገጠር አድጎ ከተማ የገባ አባት ያለው ሰው ይህን ሲያይ ዝም ብሎ አያልፈውም።

የመጨረሻውን ሩጫ አንነግራችሁም። የሦስተኛው ተሸላሚ ሽልማት ሸራ ጫማ ነው፤ ስለዚህ ዐሊ የሚሮጠው አንደኛ ለመውጣት አይደለም፣ ሦስተኛ ለመውጣት ነው። ቀሪውን ራሳችሁ እዩት።

ለጎረምሳ ልጅ ላለው አባት ግን «ለ ግራንድ ቮያዥ»ን እንመርጣለን። «ታላቁ ጉዞ» ማለት ነው። ኢስማኤል ፈሩኪ የሠራው ይህ ፊልም በ2004 በቬኒስ ለጀማሪ ዳይሬክተሮች የሚሰጠውን ሽልማት አግኝቷል። በደቡብ ፈረንሳይ የሚኖር የሞሮኮ ተወላጅ ሽማግሌ ሐጅ ማድረግ ይፈልጋል፤ በአውሮፕላን ሳይሆን በመኪና። ታላቁ ልጅ መንጃ ፈቃዱ ስለተወሰደበት፣ ለፈተና የሚዘጋጀው ታናሹ ረዳ ሳይወድ በግዱ መሪውን ይይዛል። አባት በዐረብኛ ይናገራል፣ ልጅ በፈረንሳይኛ ይመልሳል። ጣሊያንን፣ የባልካን አገሮችን፣ ቱርክን፣ ሶሪያንና ዮርዳኖስን እያቋረጡ ሺህ በሺህ ኪሎ ሜትር በአንድ መኪና ውስጥ ተቀምጠው አይግባቡም። አባት የልጁን ስልክ ሳይቀር ይጥልበታል።

ይህ ፊልም እኛንም ይመለከታል። በዋሺንግተን፣ በስቶክሆልም ወይም በለንደን ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ወገኖቻችን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ጠይቀው በእንግሊዝኛ መልስ የሚቀበሉበት ቤት ጥቂት አይደለም። እዚህ አገር ቤትም ቢሆን ቋንቋው አንድ ሆኖ መግባባቱ የጠፋበት ሳሎን አለ። ፊልሙ አባትን ጻድቅ፣ ልጅን ጥፋተኛ አድርጎ አላቀረበም። አባትየው ግትር ነው፣ ብዙ ነገር አይናገርም፤ ልጁም በጎዳናው ላይ ያየውን ቀስ በቀስ እንጂ በአንድ ቀን አይረዳም። መካ ሲደርሱ የሚታየው የሑጃጅ ባሕር በሐጅ ወቅት እዚያው የተቀረጸ ነው። ልጁ የሚጠጣበትና በጭፈራ ቤት የሚያመሽበት ትዕይንት ስላለ ግን ወላጅ አስቀድሞ ብቻውን ቢያየው ይሻላል፤ ለትንንሽ ልጆችም አይሆንም።

ስለ «አር-ሪሳላ»፣ በእንግሊዝኛ «ዘ ሜሴጅ» ስለሚባለው፣ ለአንባቢዎቻችን መንገር ድፍረት ይሆናል። ያላየው ጥቂት ነው። ከጀርባው ያለው ታሪክ ግን ብዙም አይወራም። የሐለቡ ተወላጅ ሙስጠፋ አል-ዐቃድ ፊልሙን ሁለት ጊዜ ነው የሠራው። አንድን ትዕይንት በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ተዋንያን ከቀረጸ በኋላ፣ በዚያው ሥፍራ በዐረብኛ ተናጋሪዎች ይደግመው ነበር። ሐምዛን በእንግሊዝኛው አንቶኒ ኩዊን፣ በዐረብኛው ዐብደላህ ጌይስ ሆነዋል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በምስልም በድምፅም አይታዩም፣ አይሰሙም። ቀረጻው በሞሮኮ ተጀምሮ በተቃውሞ ምክንያት ተቋርጦ በሊቢያ አለቀ። በመጋቢት 1977 በዋሺንግተን ታጣቂዎች ሰዎችን ሲያግቱ ፊልሙ እንዳይታይ መጠየቅ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ነበር፤ አንድ ጋዜጠኛም ተገደለ። ዐቃድ ራሱ በኅዳር 2005 በዐማን ሆቴሎች ላይ በደረሰው የቦምብ ጥቃት ከሴት ልጁ ጋር ሞተ። ስለ እስልምና በጎ ነገር ለዓለም ለማሳየት ዕድሜውን የሰጠ ሰው በእስልምና ስም በሚገድሉ እጅ መሞቱ እስከ ዛሬ ያስቆጨናል። በ2018 ደግሞ ፊልሙ ታድሶ በሳዑዲ ዐረቢያ ሲኒማ ቤቶች ታየ።

ለሐበሻ ተመልካች ከፊልሙ ሁሉ የሚበልጥበት ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ በነጃሺ ፊት ቆሞ ከሱረቱ መርየም የሚያነብበት ትዕይንት ነው። ያ ንጉሥ በምርኩዙ መሬት ላይ መስመር ሲያሰምር ልጆች «ይህ የኛ አገር ነው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። መልሱን ተዘጋጅታችሁ ጠብቁ። ፊልሙ ሦስት ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ ለሁለት ቀን ከፍሎ ማየቱ ይመከራል።

የሞሪታንያው ዐብዱረሕማን ሲሳኮ «ቲምቡክቱ» (2014) በፈረንሳይ የሴዛር ሽልማት 7 አሸንፏል። ታጣቂዎች በያዟት ከተማ ውስጥ ወጣቶች ኳስ ስለተከለከሉ ያለ ኳስ ኳስ ይጫወታሉ። መሣሪያ ይዘውና ጫማ እንዳደረጉ መስጊድ ለገቡት ታጣቂዎች መልስ የሚሰጠው የከተማው ኢማም ነው። የቅጣት ትዕይንቶች ስላሉበት ለአዋቂዎች ብቻ እንላለን።

ከቅርቦቹ አንዱን ብቻ እንጨምር። ቱኒዚያዊቷ ከውሠር ቢን ሀኒያ የሠራችው «የሂንድ ረጀብ ድምፅ» በ2025 በቬኒስ ሁለተኛውን ከፍተኛ ሽልማት አግኝቷል። ገና 6 ዓመት ያልሞላት ሂንድ በጥር 2024 በጋዛ ከተማ፣ ዘመዶቿ በተገደሉበት መኪና ውስጥ ሆና በስልክ እርዳታ ትጠይቅ ነበር። ልትደርስላት የተላከችው የፍልስጤም ቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ሁለት ሠራተኞችም ተገደሉ። የሂንድ አስከሬን የተገኘው ከ12 ቀን በኋላ ነው። ፊልሙ በአብዛኛው መኪናውን አያሳየንም። የሚያሳየን ስልኩን የያዙትን የቀይ ጨረቃ ሠራተኞች ቢሮ ነው፤ ተዋንያኑ የሚያነጋግሩት ድምፅ ግን የራሷ የሂንድ ትክክለኛ ቅጂ ነው።

አንዳንዶች የሞተች ሕፃን ድምፅ በፊልም ውስጥ መግባቱን ነቅፈዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ግን እናቷ የፈቀደችውን፣ ዓለም ሊሰማው ያልፈለገውን ድምፅ ማሰማት ከዝምታ ይሻላል ባይ ነን። ይህም ሆኖ ከ15 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አታሳዩት። ልጆቻችን ስለ ፍልስጤም ማወቅ አለባቸው፤ ነገር ግን በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ የዕድሜ እኩያውን ወይም የታናሹን የጭንቅ ድምፅ ሰምቶ እንቅልፍ አጥቶ ቢያድር ለጋዛ የሚጨምረው ነገር የለም። ለትልልቆቹም ብቻቸውን በስልክ እንዲያዩት አትተዉአቸው፤ አብራችሁ ተቀመጡ፣ ሲያልቅም ቶሎ አትነሡ።

ስለ አመራረጡ አንድ ነገር ብቻ። አዲስ ፊልም ሲወራ ከርእሱና ከማስታወቂያው አትነሡ፤ ወላጅ አስቀድሞ ይየው። ጊዜ ካጣ ቢያንስ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ይየው። ፊልም በሚያስጭኑበት ሱቅ ለሻጩ «ለልጆች የሚሆን ስጠኝ» ብሎ ፍላሽ መስጠት ግን ምርጫ አይባልም፤ ለርሱ ካርቱን ሁሉ ለልጅ ነው። ከፍ ብለን ያነሣናቸው ፊልሞች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የሚታዩ ስለሆነ፣ እንግሊዝኛ የሚያነብ ታላቅ ልጅ ለእናቱና ለታናናሾቹ ጮክ ብሎ ይተርጉም፤ ብዙ ቤት ውስጥ እንደሚደረገው።

«የሰማይ ልጆች» 89 ደቂቃ ነው። ዐስር ሰግዳችሁ ብትጀምሩት ከመግሪብ በፊት ያልቃል፤ ሻይ ለማፍላትም ጊዜ ይተርፋል።