ማሽኑ ብቻውን አያክምም

ጠዳ ላይ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ሻማ እናበራለን። የካንሰር ጨረር ማሽን ግን በሻማ አይሠራም።

ሊኒያር አክስለሬተር የሚባለው ማሽን ኤሌክትሮኖችን የሚያፈጥነው ማግኔትሮን ወይም ክላይስትሮን በሚሰጠው ኃይለኛ ማይክሮዌቭ ነው። ማግኔትሮኑ ከፍተኛ ቮልቴጅ ከመቀበሉ በፊት ካቶዱ መሞቅ አለበት። ሙቀቱ ከተዋዠቀ ፍሪኩዌንሲው ይዛነፋል፤ የጨረሩ መጠንም አብሮ ይናጋል። መብራት በጠፋ ቁጥር ነገሩ ከማሞቅ ይጀምራል፣ ሕመምተኛው ይጠብቃል።

የጨረር ሕክምና ማዕከል ከታቀደላቸው ከተሞች አንዷ ጎንደር ናት። እሰየው! ግን በጀቱ ውስጥ የማይቆራረጥ ኃይል፣ የማቀዝቀዣ ውኃ፣ መለዋወጫና እዚሁ የሚኖር የጥገና ባለሙያ አብረው ይያዙ። ሪባን መቁረጥ ቀላል ነው፤ ከባዱ በማግሥቱ ጠዋት ማሽኑን ማስነሳት ነው።