ሳህኑ ላይ ያነሰው ቆሮሶ

ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለ ቀይ ባሕር አስተያየት የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። እኔም የባሕር በር ጥያቄው ተገቢ ነው ከሚሉት ነኝ። ዛሬ ግን ላወራችሁ የፈለግኩት መንገዱ ሰላም ከሆነ ከወልድያ በጠዋት ተነስቶ ምሳ ስለሚበላበት ውኃ ነው።

የዓሣ አጥማጆች ከተማ ማየት የሚፈልግ የየጁ ሰው ምጽዋ ሊሄድ አይችልም። ያለችው ሐይቅ ናት። መርሳን፣ ውርጌሳንና ውጫሌን አልፎ የደሴው አስፋልት ያደርሰዋል። ውኃው ከከተማዋ በስተምሥራቅ ገባ ብሎ፣ በተራሮች መካከል ተኝቶ ይገኛል። ስፋቱ 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ጥልቀቱ ግን ከ80 ሜትር ያልፋል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም እዚያው ነው።

የእኛ ጉብኝት ግን ይታወቃል። ወንዶቹ ገዳሙን እንሳለማለን (ሴቶች አይገቡም)፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ዓሣ ጥብስ እናዛለን፣ ጉዟችንን እንቀጥላለን። ስለ ዓሣው የምንጠይቀው ዋጋውን ብቻ ነው።

በዓሣ የታወቀው ሐይቅ ዛሬ የምንበላው ቆሮሶ ከጥንት ጀምሮ የነበረው እንዳይመስላችሁ። በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ መባቻ አካባቢ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተጨመረ ነው። አባቶቻችን በሕይወት እያሉ በሰው እጅ የገባ ዓሣ፣ እኛ በሕይወት እያለን በሰው እጅ ሊያልቅ ይችላል። ከዓመታት በፊት አንዱ ቆሮሶ ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር። አሁን የሚቀርብልኝ ብዙ ጊዜ ከመዳፌ ብዙም አይበልጥም፤ ሁለትና ሦስት ተደርጎ ነው ሳህኑ የሚሞላው።

ይህ ለምን እንደሚያሳስብ የቆሮሶን አረባብ የሚያውቅ ይረዳዋል። እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም አደጋ ሲያዩ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። በመራቢያ ወቅት እሷን ያጠመደ መረብ የሚያወጣው አንድ ዓሣ አይደለም። ዓይኑ የጠበበ መረብ ደግሞ ገና አንድ ጊዜ እንኳ ያልወለደችውን ይዞ ይወጣል።

አጥማጁን መውቀስ ቀላል ነው። እኔ አልወቅሰውም። መሬት የሌለው ወጣት ሌሊቱን ውኃ ላይ አድሮ የያዘውን ዳር ሲያደርስ፣ ዋጋውን የሚቆርጠው ገዢው ነው። ዓሣ እንደ ጤፍ ጎተራ ገብቶ ዋጋ አይጠብቅም፤ በረዶ ከሌለ ፀሐይ ሳይበረታ መሸጥ አለበት። በርካሽ የሸጠ ደግሞ ነገ አብዝቶ ማጥመድ ግድ ይሆንበታል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ፈላጊው ይበዛል (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ)፤ ያን ጊዜ ትንሽ ትልቅ ብሎ የሚመርጥ የለም።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ችግሩ ሕጉ መረቡን ሲከለክል አጥማጁ በምን እንደሚያድር አለመጠየቁ ነው። በጦርነትና በመንገድ መዘጋት የተጎዳ ከተማ ላይ ተቆጣጣሪ ብቻ መላክ ድብብቆሽ መጀመር ነው።

ስለዚህ በእኔ እምነት መቅደም ያለበት በረዶ ነው። ለአጥማጆቹ ማኅበራት አንድ የበረዶ ማምረቻና ማቀዝቀዣ ይቅረብላቸው፤ ከዚያ ገዢውን «ነገ ና» ማለት ይችላሉ። ቀጥሎ በመራቢያ ወቅት ውኃው ይዘጋ፤ ለእነዚያ ሳምንታትም አጥማጆቹ በቀን ሥራ ይያዙ። ሥራ ሞልቷል። ሐይቁ መውጫ የለውም፤ አንከርካህ ወንዝ ከተራራው ጠርጎ ያመጣው አፈር ሁሉ እዚያው ይቀራል። እርከን የሚሠራ እጅ ያስፈልጋል።

የወልድያና የደሴ ሆቴሎችስ? ከመዳፍ ያነሰ ቆሮሶ አንገዛም ቢሉ ከየትኛውም ተቆጣጣሪ ይበልጥ ይሰማሉ። እኛም ተመጋቢዎቹ ትንንሾቹ ተደርድረው ሲመጡልን መመለስ እንችላለን። አስተናጋጁ ቅር ይለው ይሆናል፤ ሽሮ ግን መቼም አይጠፋም።