አየሩማ እኛም አለን

ስለ ሯጮቻችን ሲወራ ከፍታ ሳይነሳ አይቀርም። ስስ አየር ደም ያበረታል፣ የቀረውን ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጡበት መንገድ ይጨርሰዋል ይባላል። ሐሰት አይደለም። ግን ከፍታ ብቻውን ቢበቃ ኖሮ የእኛዋ ደብረ ታቦር የሜዳሊያ ከተማ በሆነች ነበር። የተቀመጠችው 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አጠገቧ ያለው ጉና ከ4,100 ሜትር ያልፋል፤ በዙሪያዋ ያለው የፋርጣና የጋይንት ልጅም ዳገት ወጥቶ ነው የሚማረው። የአርሲዋ በቆጂ በከፍታ ከዚህ ብዙም አትርቅም። በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ ያገኘቻቸውን አራቱንም ወርቆች ያመጡት ግን በበቆጂ ዙሪያ ያደጉት ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ናቸው።

ልዩነቱ፣ እንደኔ፣ የአንድ የስፖርት መምህር ፉጨት ነው። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ከሐረር መጥተው በበቆጂ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ፣ ለሩጫ የሚሆነውን ልጅ በዓይናቸው እየለዩ ያወጡ ነበር። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ለወርቅ የበቃችው ደራርቱ ቱሉ በእጃቸው አልፋለች። «ሜዳሊያው የብሔራዊ ቡድኑ ነው፤ እነ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ የት ሄዱ?» የሚል ይኖራል። የዶክተሩን ውለታ ማንም አይክድም። ሆኖም ብሔራዊ አሰልጣኝ የሚመርጠው ከቀረበለት ነው፤ ገና በባዶ እግሩ የሚሮጠውን ልጅ አይቶ ለክለብ የሚያደርሰው ሌላ ሰው ነው። «በቆጂን የሠራት የደራርቱ ዝና ነው» የሚለው ክርክር የበለጠ ይከብዳል፤ ዝና ልጆችን ሜዳ ላይ እንደሚያወጣ አምናለሁ። ግን የወጡትን በማለዳ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ከሌለ በሳምንቱ ይበተናሉ።

በቆጂ ብቻዋን ብትሆን አጋጣሚ ነው ባልን። የኬንያዋ ኢተን ግን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከደብረ ታቦር ታንሳለች። እ.ኤ.አ. በ1976 እዚያ የገቡት አየርላንዳዊው ወንድም ኮልም ኦኮኔል ለማስተማር እንጂ ለማሰልጠን አልመጡም፤ የሩጫ ትምህርትም አልነበራቸውም። የ800 ሜትሩን ባለክብረ ወሰን ዴቪድ ሩዲሻን ያሳደጉት እርሳቸው ናቸው። ሙያ ሳይጠብቁ መጀመር ለደብረ ታቦር እንግዳ ሊሆንባት አይገባም፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ አጠገቧ ባለው ጋፋት የተሠራው መድፍ አቅልጠው በማያውቁ እጆች ነው፤ አጼ ቴዎድሮስ ሙያ እስኪመጣ አልጠበቁም። ስለዚህ ደብረ ታቦር ያለችበት ዞን ስለ ስታዲየም ከመምከሩ በፊት የስፖርት መምህራኑን ይቁጠር፤ ስንቱ በአንድ ትምህርት ቤት አሥር ዓመት እንደቆየ፣ ስንቱስ ዝውውር ጠይቆ ደብዳቤ እንደሚጠብቅ።